ሞራ፣ ሲታጣ ቅቤ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ማርታ ደወለችልኝ። ማርታ አርባ ምንጭ የውኃ ምሕንድስና ታስተምራለች። ስልኩ ውስጥ ነፋስ ይጮኻል፤ ተማሪዎቿን በጀልባ ይዛ ሐይቅ ላይ ወጥታለች። «እማዬ፣ ቶሎ ንገሪኝ! በድምፅ ጥልቀት የሚለካው መሣሪያችን ባትሪ ጨርሷል። በድሮው ዘዴ፣ በገመድ ላሳያቸው ነው። ገመዱ ጫፍ ላይ ከሚንጠለጠለው እርሳስ ሥር የሚቀባው ምን ነበር?» አለችኝ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው አባቷ፣ ምሳ ቀረበ ብዬ ሦስት ጊዜ ብጠራው የማይሰማኝ ሰውዬ፣ «ሞራ! ሲታጣ ቅቤ!» ብሎ ጮኸ። ጆሮው የደነቆረው ለእኔ ብቻ ነው መሰለኝ። ማርታ ሳቀች፣ ተማሪዎቿም ሳቁ፣ መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ወልቂጤ ከገባን ጀምሮ ያልከፈትኩትን ሣጥን ከአልጋ ሥር ጎትቼ ክዳኑን ሳነሳው የካርቦን ወረቀት ሽታ ፊቴን መታኝ። ወይ ጉድ! ሽታ እንዲህ ሰውን ወደ ኋላ ያስሮጣል? ስልሳውን ካለፍኩ ቆይቻለሁ፤ ልቤ ግን የዚያን ጊዜዋ የአስቴር ልብ የሆነ ይመስል ደረቴን ይደልቀው ጀመር።

ያን ጊዜ ቡታጅራ ነበርኩ። መንግሥት ተለውጦ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስሙንና ማኅተሙን የሚቀይርበት ወቅት ነው፤ ለታይፒስት ከዚያ የተሻለ ዘመን ከየት ይመጣል? ሰው ሁሉ ማመልከቻ ያስጽፋል። ከመናኸሪያው ማዶ፣ በጋሪ ማቆሚያውና በካሴት ቤቱ መሀል አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። አንድ ገጽ በሰባ አምስት ሳንቲም፣ ከነካርቦን ግልባጩ በአንድ ብር እመታለሁ። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ያውም እስከ አፉ የሞላ። ባለካሴት ቤቱ አንዴ የወደደውን ካሴት አይቀይርም፤ ክሩ እየተሳበ ሄዶ በሐምሌ ሴት የነበረችው ዘፋኝ በጥቅምት ወንድ ሆና አረፈችው። እኔ የቤተ ክርስቲያን መዘምር ስለሆንኩ አልሰማም እላለሁ እንጂ ጣቶቼ ፊደሉን የሚመቱት በዚያው ምት ነበር። ሐምራዊ ፕሊሴ ጉርድ ቀሚሴን ለብሼ፣ ከመርካቶ የመጣች ቢጫ ሹራቤን ደርቤ በሩ ላይ ብቅ ስል ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሳቸውን ይረሱ ነበር። አሁን ይህን ስናገር ማርታ ታፍርብኛለች። ግን ሠላሳ ዓመቴ ነበር፣ አላገባሁም፣ ሰፈሩም «ቆማ ቀረች» ብሎ ፈርዶብኛል። ለተፈረደበት ሰው ቢጫ ሹራብ ቢበዛበት ነው?

ይልማ የመጣው በመስቀል ማግስት ነው። አንድ ጊዜ ነጭ የነበረ ሱሪ ለብሶ፣ በሸራ ጫማ፣ ገመድ የሞላበት ከረጢት ተሸክሞ። ወሎዬ ነው። ባሕር ኃይል ውስጥ ዐሥር ምናምን ዓመት አገልግሎ ባሕሩም መርከቡም ሲቀር፣ ቡታጅራ አለ የተባለ የድሮ ጓደኛውን ፍለጋ መጥቶ ጓደኛውን አላገኘውም። ማመልከቻ ጻፊልኝ አለኝ። «ሙያዎ ላይ ምን ልበል?» ስለው፣ «የባሕር ወለል ቀያሽ» አለ። ጣቴ ማሽኑ ላይ ቀረ። «ወለሉ እኮ ከባሕሩ ሥር ነው። እንዴት ይቀየሳል?» አልኩት። «ሳያዩ ነው የሚቀየሰው፣ እህቴ» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የሚያሾፍ ሰው ምልክት የለም።

ማመልከቻው በየቢሮው ዞረና ተመለሰ። አንዱ ኃላፊ «ሃይድሮግራፊ» የሚለውን የሙያውን የፈረንጅ ስም አንብቦ «የቧንቧ ሠራተኛ አለን» አለው። ሌላው «እኛ ወረዳ ባሕር የለም» አለው፤ ይኼ እንኳ ሐቅ ነው። በመጨረሻ አንዱ መሥሪያ ቤት ቦታ በሚለካበት ጊዜ ሜትር እንዲይዝ በቀን ሥራ ቀጠረው። ቁጥሩን እንደ ሌላው ሰው አይናገርም፤ እንደ መርከብ ላይ አድርጎ እያዜመ ይጠራዋል። «ዐሥራ ሁለት ከግማ-ሽ!» ሲል ከሦስት አጥር ማዶ ይሰማል። ከተማው ወዲያው «ካፒቴን» ብሎ ሰየመው። በፍቅር ነው እንዳልል በሹፈት ነበር። ዘመድ የሌለው፣ ባሕር የሌለው ባሕረኛ! ባሕር ለካሁ ሲል «አንድ ክንዱ ስንት ነው?» እያሉ ይስቁበታል።

ያንገበገበው ግን የማመልከቻው ነገር ነበር። «ቃሉ ስላልገባቸው ነው እንጂ ሥራዬ ከንቱ አይደለም። ቃሎቹን በአማርኛ ተርጉሜ አያይዛለሁ» አለኝና አንድ ገጽ መግለጫ ልናዘጋጅ ተቀመጥን። ያቺ አንድ ገጽ ዓመት ሙሉ ፈጅታ አርባ ገጽ ሆነች! ሰኞና ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ይመጣል፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጠይቃለሁ፣ ተከራክረን ተከራክረን አንድ ቃል እንመታለን። «ፋተም» ላይ የደረስን ቀን ትዝ ይለኛል። ሰው ሁለት እጁን ሲዘረጋ ከጣት እስከ ጣት ያለው ነው፤ አራት ክንድ። እጁን ዘርግቶ ሊያሳየኝ ሲል በሁለቱም በኩል ግድግዳዬን ነካው። «ሱቅሽ ወርዷ አንድ ፋተም ናት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ጠባብ መስላኝ አታውቅም። «ታይድ» ማለት ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ የሚሸሸው ነው ሲለኝ፣ «ገበያ ነው እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበትና «ሙላትና ሽሽት» ብለን ጻፍነው። መርከብ ከኋላው ቋጠሮ ያለበት ገመድ እየለቀቀ በቋጠሮው ብዛት ፍጥነቱን እንደሚያውቅ፣ የባሕር ካርታ ላይ የፈሰሰው ቁጥር ሁሉ ጥልቀት እንደሆነ ነገረኝ። «እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰው ገመድ ጥሎ የጮኸበት ቦታ ነው» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ የማሽኑን ሪባን ደህና ሳለ ቀየርኩት። «ፖርት» ግራ፣ «ስታርቦርድ» ቀኝ መሆኑን የሰሙ ጋሪ ነጂዎች ደግሞ ሳምንት ሳይሞላ ፈረሳቸውን «ስታርቦርድ በል!» ማለት ጀመሩ። ፈረሶቹ ከማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊዎች ቀድመው ገባቸው።

ታዲያ በበጋው ላይ «የመለኪያ እርሳስ» የሚለው ጋ ደረስን። የገመዱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ እርሳስ ቂጡ ጎድጓዳ ነው። እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሞራ ይጠቀጠቃል። ወለሉን ሲነካ አሸዋም ሆነ ጭቃ ሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣል፤ አሸዋ ከሆነ መልሕቅ ይይዛል፣ አለት ከሆነ አይይዝም። «ደግሞም ምስክር ነው። ‘ነካሁ’ ብሎ ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ጭቃ አይዋሽም» አለኝ። «ሞራ ባይገኝስ?» አልኩ። «በሳሙና ይሆናል ይላሉ» አለ። «ምን ሳሙና አመጣው! ቅቤ እያለ?» አልኩና ሳላስፈቅደው መታሁት፦ ሞራ፣ ሲታጣ ቅቤ። ጉራጌ ነኝ፤ ቅቤ የማይገባበት ሥራ አይታየኝም ነበር። ያቺን መስመር ስመታ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ጣቴን እቆርጠው ነበር።

ለምን እንደሆነ ለመንገር ስለ አባባ መናገር አለብኝ። አባቴ አቶ ደግፌ የብረታ ብረት ባለሙያ ነው። ቡታጅራ ውስጥ የዚያን ጊዜ በርና መስኮት ካያችሁ ግማሹ የእሱ እጅ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነበር። አያቴ መስቃን ገጠር ውስጥ ደጃቸው ላይ ያለውን ትልቅ ዝግባ በየዓመቱ ቅቤ ይቀቡት፣ ይለምኑት ነበር፤ አባባ ጌታን ከተቀበለ በኋላ የመቀባቱ ተራ ሲደርሰው «ቅቤ ለፍጥረት አልቀባም» አለ። ዘመድ ሁሉ አኩርፎት ሰባት መስቀል ለብቻው በላ። መስቀልን ለብቻ መብላት ለጉራጌ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። ምግቡ ያው ነው፤ ጉሮሮ ነው እምቢ የሚለው። አባባ ስለዚያ ነገር ብዙ አያወራም። እኛ ቤት ግን ቅቤ ለምግብና ለፀጉር እንጂ ለሌላ ለምንም ተነሥቶ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት፣ የመስቀል ግርግር ሲበርድ፣ ይልማ ሽማግሌ ላከ። አንድ ጡረተኛ መምህር፣ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊና የጋሪ ነጂዎቹ አለቃ መጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ። አባባ በትሕትና ሰማቸውና እንዲህ አለ፦ «ሰውዬው ክፉ አይመስልም። ግን አገሩን አላውቅ፣ ዘሩን አላውቅ። ጓደኛ አለኝ ያለው እንኳ አልተገኘም። ባሕር ለካሁ ይላል፤ ባሕሩ የለ፣ መርከቡ የለ። እኛ ልጅ ስንሰጥ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ዋስ እንጠራለን። ለዚህ ሰው ማን ይመሰክርለታል?» የጋሪ ነጂዎቹ አለቃ ብቻ «ፈረሶቹ ይወዱታል» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

በማግስቱ አባባ ይልማን ወደ ወርክሾፑ አስጠራው። «ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን ሐይቅ ታውቃለህ። ወለል የለውም ይባላል። በሬ ገብቶበት በዝዋይ ወጣ ይላሉ። ባሕር ከለካህ እሱ አያቅትህም። ሂድና ወለሉን አምጣልኝ። ዋስህ ጭቃው ይሁን» አለው። እኔ የምሞት መሰለኝ፤ ይልማ ግን ዓይኑ በራ! ዓመት ሙሉ ያየሁት ሰው አልነበረም። እርሳሱን የሞቱ የመኪና ባትሪዎች ሰብስቦ ያቀለጠለት ራሱ አባባ ነው፤ ማቅለጡ ደስ ብሎት እንደነበር ከፉጨቱ አውቀነዋል። «ቂጡ ላይ ይህች ጎድጓዳ ለምንድን ናት?» ሲለው፣ «ወለሉን ይዛ የምትመጣው እሷ ናት፣ ጋሽ ደግፌ» አለው። ገመዱን ደግሞ እኔ አዘጋጀሁ። መርከበኛ ጥልቀቱን የሚያነበው ገመዱ ላይ በየርቀቱ በተሰፋው ምልክት ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ቆዳ፣ ቦታ ቦታ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ቦታ ቦታ ላይ ቀይ፣ ከዚያ ቋጠሮ። ቆዳውን ከአባባ አሮጌ ሽርጥ ቆረጥኩ፣ ነጩን ከነጠላዬ ጫፍ፣ ቀዩን የተማሪ ቤት ሹራቤን ፈትቼ። ስሰፋ ስሰፋ ዕድሌን የምሰፋ ነበር የሚመስለኝ።

ይልማ የሄደው በገበያ ቀን ነው። ሞራ ፍለጋ ሥጋ ቤት ሁሉ ቢዞር ሳሙና የሚሠሩት ሴቶች ጠራርገው ወስደውታል። ያቺ የእኔ መስመር ትዝ አለችው። ከባለቅቤዋ ከእትዬ ዘሃራ አንድ እፍኝ በኮባ ቅጠል አስጠቀለለ። እትዬ ዘሃራ የማትጠይቀው ነገር የለም። «ወንደላጤ ምን ያደርግልሃል ቅቤ?» አለችው። ይልማ ውሸት አያውቅም፤ «ሐይቁ ውስጥ ላወርደው ነው» አላት። «አዑዙ ቢላህ!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሰውዬው ገና የሐይቁን ቁልቁለት ሳይጨርስ ወሬው በርበሬ ተራን አልፎ፣ እህል ተራን አልፎ እኔ በር ላይ ደረሰ። «ካፒቴን ለሐይቁ ቅቤ ቀባለት። ሚስት ስጠኝ ብሎ ነው ይላሉ።» ለአባባም ያው ወሬ ደረሰው።

ከቀትር በኋላ ይልማ እስከ ደረቱ ረጥቦ፣ እርሳሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመ። ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ቅቤ ጥቁር ጭቃ ጎርሷል። ፊቱ ያበራል። «ነካሁት! ወለል አለው፣ ጋሽ ደግፌ!» አለ። አባባ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «ይህን ከደጄ አርቅ» አለው። «አባቴ ለዛፍ ቅቤ ሲቀባ እምቢ ብዬ ዘመዴን አጣሁ። ለሐይቅ የሚቀባ ሰው ልጅ ብዬ ላስገባ? ቅቤ የቀባኸው ጭቃ አይመሰክርልህም። ነገሩ አልቋል።» ይልማ ለማስረዳት አፉን ቢከፍት አባባ የብረት መፍጫውን አስነሣበት። በዚያ የብረት ጩኸት ላይ ማን ይሰማል? ይልማ እርሳሱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ወደ እኔም ሳያይ ወደ መናኸሪያው ሄደ።

እኔ ሮጥኩ። ወደ እሱ አይደለም፤ ወደ ሱቄ። አርባውን ገጽ መሬት ላይ በተንኩት፤ «የመለኪያ እርሳስ» የሚለውን ገጽ አገኘሁና ፕሊሴዬን በእጄ ሰብስቤ ተመለስኩ። አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ ዛሬም ድረስ አላገኘሁትም። መፍጫውን ራሴ አጠፋሁት። በሕይወቴ አባባ የያዘውን ሥራ ያቋረጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «አንብበው» አልኩት። እጀታው በሽቦ የታሰረ መነጽሩን አደረገና ቆሞ አነበበ፦ በጎድጓዳው ሞራ ይጠቀጠቃል፣ የወለሉን አፈር ይዞ እንዲወጣ፤ ሞራ፣ ሲታጣ ቅቤ። ቀና አለና «ልጄ፣ ዛሬ ወሬውን ከሰማሽ በኋላ የጻፍሽው ነው» አለኝ። «ቀ’ዋን እያት፣ አባባ» አልኩ። የማሽኔ ‹ቀ›፣ ‹ቅ›ም የምትመታው በእሷው ነው፣ እግሯ ላልቶ ከመስመሩ በላይ እየዘለለች ትመታ ነበር። ለፋሲካ ግድም ራሱ አባባ ነው በይዶ ያስተካከላት። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጣቱን ‹ቅቤ› የሚለው ላይ አደረገ፤ ፊደሏ እንደ ፌንጣ ዘልላ ተቀምጣለች። «እኔ ከበየድኳት ወዲህ እንዲህ ዘልላ አታውቅም» አለ ለራሱ። ጎንበስ ብሎ እርሳሱን አነሣ፤ ራሱ ያቀለጣትን ጎድጓዳ፣ ቅቤውን፣ ጭቃውን ተራ በተራ አየ። «ሙጫ ነው» አለ። «ለካ ሙጫ ነው!» ከዚያ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። «ቅቤ የሚለውን ማነው የጨመረው?» «እኔ ነኝ» አልኩ። «አንቺ! የእኔ ልጅ!» አለ። አባባ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ አለቀስኩ።

«ሂጂ ሰውዬውን መልሺ» አለኝ። መናኸሪያው የደረስኩት በአንድ ጫማ ነው። ይልማ ለጧቱ አውቶቡስ ትኬት ለመቁረጥ ሰልፍ ይዟል፤ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶታል። ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ያልኩትን ሰው ከመንገድ ማዶ ሆኜ «አንተ! አንተ ይልማ! አትሄዳትም!» ብዬ ጮኽኩበት። ጋሪ ነጂው ሁሉ ዞረ። ባለካሴት ቤቱ እንኳ ያቺን ካሴት አጠፋት።

አባባ ግን በዚያ አልበቃውም። «እኔ አምኛለሁ። ከተማው ግን ያለውን ብሏል፤ የከተማ አፍ በወረቀት አይዘጋም» አለ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እትዬ ዘሃራ ፊት ሄዶ ቆመ። «ለእሱ የሸጥሽለትን ያንኑ ቅቤ ስጪኝ። አንቺም ነይ።» «ወላሂ እኔ ክፉ አላልኩም ጋሽ ደግፌ…» «ነይ ብያለሁ።» ገበያው ግማሹ ተከተለን። ሐይቁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ነው፤ ሕዝቡ ከላይ ጠርዙን ከበበው። ታች ይልማ የከባድ መኪና የውስጥ ጎማዎች ነፍቶ፣ ጣውላ አስሮባቸው ታንኳ ሠርቷል። አባባ ዋና አያውቅም። ይልማ ወገቡን በገመድ ሲያስርለት ከዳር ሆኜ አየዋለሁ። አባባ መጀመሪያ ባርኔጣውን አውልቆ ጸለየ። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰዎች! ይህ ቅቤ ለማንም አይደለም! የጭቃ ማጣበቂያ ነው!» አለ፤ ገደሉም መልሶ አስተጋባው። ከዚያ ያ ሰባት መስቀል ለብቻው የበላ ሰው፣ በገዛ እጁ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቅቤውን እርሳሱ ቂጥ ላይ ጠቀጠቀው። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምወደው ገባኝ።

ገመዱ መውረድ ጀመረ። ይልማ አጠራሩን አስተምሮታል፤ አባባም በመዝሙር ድምፁ ይጠራዋል። «ቆ-ዳ!» ሽርጡ ገባ። «ነ-ጭ!» ነጠላዬ ገባ። «ቀ-ይ!» ሹራቤ ገባ። ከላይ የቆመው ሕዝብ አብሮት መጥራት ጀመረ፤ «ቀ-ይ!» ገደሉ ሁሉ ቀይ ቀይ አለ። ቋጠሮው መጣ፣ ገባ። ሌላ ቋጠሮ። ሕዝቡ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ገመዱ ይወርዳል፣ ይወርዳል። በድንገት አባባ እንደ ልጅ ጮኸ፦ «ላላ! ይልማ፣ ላላብኝ! እጄ ላይ ላላ!» ሁለቱ ተያይዘው ሳቡት። አባባ እርሳሱን ገልብጦ አየው። ጥቁር ጭቃ፤ ከጭቃው መሀል ደግሞ የጤፍ ፍሬ የማታክል ነጭ ዛጎል። ወደ ላይ አነሣው። «ወለል አለው!» መጀመሪያ እልል ያለችው ማን ትመስላችኋለች? እትዬ ዘሃራ! «ቅቤዬ ወለል አመጣ!» እያለች እስከ ከተማ ድረስ እልልታዋን አላቋረጠችም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤዋ ላይ ዋጋ ጨመረች።

ስንት ፋተም ነበር ትሉኛላችሁ። አልነግራችሁም! አባባ ለማንም እንዳንናገር አስምሎናል። «ቁጥሩን ከሰሙ ይንቁታል፣ ልጆች ይዋኙበታል። ወለል አለው፤ ዋና ለማያውቅ ግን ወለል የለውም» ይል ነበር። ሠርጋችን በጥር ሆነ። ካፒቴን የሚለው ስም አልቀረም፤ ሹፈቱ ግን ከውስጡ ወጣ። ይልማም በዚያችው አርባ ገጽ አንድ የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ውስጥ ቋሚ ሥራ አገኘ፣ ኋላም ወደ ወልቂጤ ተዛወርን። አሁን ጋሪው በባጃጅ ተተክቷል፣ ታይፕ ማሽኔን የልጅ ልጆቼ ይጫወቱባታል። አባባ ካረፈ ቆይቷል። ይልማ ግን አሁንም ሜዳ ላይ የውኃ ኩሬ ካየ ዘንግ ይፈልጋል።

ገጹን ከሣጥኑ አውጥቼ በስልክ ፎቶ አነሣሁና ለማርታ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች፤ ከጀልባው ወርዳለች፣ ነፋሱ ቆሟል። «እማዬ፣ ከታች በእጅ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለችኝ። ለካ አሳይቻት አላውቅም! ከሐይቁ የተመለስን ዕለት፣ አባባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ ያቺን ዘላይ ‹ቀ› ያለችበትን ገጽ ተቀብሎኝ ከመስመሯ ሥር በእስክሪብቶ የጻፈው ነው። የጣቱ የቅቤ ወዝ ወረቀቱ ላይ አሁንም ይታያል። «አንብቢው» አልኳት። ማርታ ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች፦ «በእጄ ቀብቼ፣ በእጄ አውርጄ፣ ወለሉን ነክቻለሁ። ለዚህ ሰው ምስክሩ እኔ ነኝ። ደግፌ።»

ቀጥሎ ቀስ ብላ፣ «ለተማሪዎቼ ይህንንም ላንብብላቸው?» አለችኝ።

በረንዳው ላይ ያለው ደንቆሮ ከእኔ ቀድሞ መለሰላት፦ «መጀመሪያ እሱን አንብቢ!»